ከዳንግላ ቆንስላ እስከ ፎቶግራፍ ማዕከል፤ ስለ ሥዕልና ስለ መዝገቡ

የአንድን ሕዝብ ኑሮ ለመመርመር የተነሣ ሰው ምስክር የሚያደርጋቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የተጻፈው፥ በቃል የሚነገረውና በእጅ የተሠራው። ፎቶግራፍ ግን ከሦስቱ በአንዱ ወገን ብቻ የሚመደብ አይደለም። እንደ ቅርስ በእጅ ይያዛል፤ እንደ ሰነድ በሣጥን ይቀመጣል፤ ነገር ግን በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ሰው የሚያውቅ አጠገቡ ቆሞ «ይህ እገሌ ነው፤ ቦታው እዚህ ነው» ካላለለት ዲዳ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው ይህ ዲዳነት ከምን እንደ መጣ፥ ደግሞም ለትርፍ የማይሠራ የፎቶግራፍ ማዕከል የሚባለው አዲስ ዓይነት ተቋም ለዚህ ነገር መድኃኒት ሊሆን ይችል እንደ ሆነ ነው። ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ነው፤ በአገራችን አቆጣጠር የሆነውን «ዓ. ም.» በሚል ምልክት ለይቻለሁ።

ነገሩን ከዳንግላ መጀመር ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳንግላ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቀመጠች የአገው ምድር ከተማ ናት። የብሪታንያ መንግሥት የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላውን ያቆመው በዚህች ከተማ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጣና ሐይቅና የዓባይ ውኃ ለግብፅና ለሱዳን የመስኖ እርሻ ያለውን ዋጋ እንግሊዞች አስቀድመው ስላሰሉት በአቅራቢያው ዓይን የሚሆን ሰው ማስቀመጥ ፈለጉ። ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በዚህ ሥራ ላይ የነበሩት ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን ናቸው።

ቺዝማን በመጀመሪያ የአዕዋፍ ተመራማሪ ነበሩ፤ ወደ ዳንግላ ከመምጣታቸው በፊትም በዐረብ አገር በረሃ ተጉዘው ነበር። በኢትዮጵያ በቆዩበት ዘመን የዓባይን ሸለቆ ተከትለው ለካ፤ የጣናን ዳርቻና ደሴቶቹን ከነገዳማቱ ዞረው መዘገቡ። የሥራቸው ውጤት በ1936 በለንደን ታትሞ ወጣ፤ መጽሐፉ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ወንዝ የሚናገር ሲሆን በካርታና በፎቶግራፍ የተደገፈ ነው። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ በኢጣሊያ ጦር እጅ ወደቀች። አራት ዓመት ያህል ቆይቶም እኚሁ ቆንስል በካርቱም ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ወሬ የሚሰበስበውን ክፍል እንዲመሩ ተደረገ፤ በዳንግላ ያከማቹት ዕውቀት ለዘመቻው ጠቀመ። ይህን ማስታወስ የሚገባው ካርታ የሚሠራና ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ለማን እንደሚሠራ ዘወትር መጠየቅ ስለሚገባ ነው። ይህን ስል የቺዝማንን ሥራ ማንኳሰሴ አይደለም፤ የጣናን ደሴቶች አብያተ ክርስቲያናት በተመለከተ ያለዚያ መጽሐፍ ብዙ ነገር ይጐድለን ነበር። ይሁን እንጂ የዳንግላ ተማሪ አያቱ የኖሩበትን ዘመን መልክ ለማየት በለንደን የታተመ መጽሐፍ መፈለግ እንዳለበት አንባቢ ልብ ይበል።

ይህ ልማድ ከቺዝማን የጀመረ አይደለም። ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ እንዳመጣ የሚነገርለት በ1859 የመጣው ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ነው፤ ይህ ሰው ኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ታስሮ የነበረው ነው። ከ1867 እስከ 1868 በተደረገው የናፒየር ዘመቻ ደግሞ የእንግሊዝ መሐንዲሶች ጦር የፎቶግራፍ መሣሪያ ተሸክሞ እስከ መቅደላ ዘለቀ። የመሣሪያው ዋና አገልግሎት ካርታና ንድፍ ማባዛት ነበር፤ ሰውንና መልክዐ ምድርን ማንሣት ተከትሎ የመጣ ነው። በዚያው በ1868 በሐምሌ ወር ልዑል ዓለማየሁ በእንግሊዝ አገር በዋይት ደሴት በታወቀችው ፎቶግራፍ አንሺ በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀመጠ። አባቱን አጥቶ፥ አገሩን ለቆ፥ እናቱንም በመንገድ ቀብሮ የመጣው የ7 ዓመት ሕፃን በዚያ ሥዕል ላይ የሚያሳየው ፊት ከብዙ የዘመቻ ታሪክ ይልቅ ይናገራል። ይናገራል ያልኩት ግን ማን እንደ ሆነ ስለምናውቅ ነው። ስሙ ባይጻፍ ኖሮ ያ ሥዕል «አንድ ሐበሻ ልጅ» ከመባል አያልፍም ነበር።

በአገር ውስጥ ፎቶግራፍ ሥር የሰደደው በቤተ መንግሥት በኩል ነው። በ1905 ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሥራውን ወረሱ። የንጉሠ ነገሥቱ መልክ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ያስቻለው የእነዚህ ሰዎች ብልሃት ነው። ኋላም ሽመልስ ደስታ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን፥ ከዚያም የደርግን ዘመን ካነሡ በኋላ ወደ ለንደን ተሰደዱ፤ ሥራዎቻቸውም በዚያው ከተማ ለትርኢት ቀረቡ። የጎጃሙ መጽሐፍ በለንደን፥ የቤተ መንግሥቱ ኔጋቲቭ በለንደን፤ አጋጣሚ ነው ቢባልም የሚደጋገም አጋጣሚ ነው።

የቤተ መንግሥቱን ታሪክ ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ዴኒ ጀራር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ በሚገባ ስላጠኑት እዚህ ላይ ማብዛት አያስፈልግም። ይልቁንስ ብዙ ያልተጻፈለት የአውራጃው ከተማ ፎቶ ቤት ነው፤ ለሕዝብ ኑሮ ጥናት ግን ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

ፎቶ ቤት የሚኖረው በትእዛዝ ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ ለመታወቂያ፥ ለትምህርት ቤት መመዝገቢያ፥ ለመንጃ ፈቃድ ይፈለጋል፤ ቀኑን የሚያስተዳድረው ይህ ነው። ሙሉ ቁመት ፎቶግራፍ ደግሞ ለበዓል፥ ለሠርግ፥ ለምረቃ፥ ወደ ሩቅ አገር ለሚሄድ ሰው ነው። ከኋላ ሐይቅ ወይም አበባ የተሣለበት መጋረጃ ይዘረጋል፤ ወንበር ይቀርባል፤ አንዳንዱ ሬዲዮ በጭኑ ላይ አድርጎ፥ ሌላው የተከፈተ መጽሐፍ ይዞ ይነሣል። መጽሐፉን የያዘው ሁሉ ማንበብ ይችላል ማለት አይደለም፤ ሬዲዮውም የፎቶ ቤቱ ሊሆን ይችላል። ከዚህ የምንማረው የነበረውን ሀብት አይደለም፤ የሚመኘውን ማዕርግ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ሁለቱን እንዳያምታታ ይጠንቀቅ።

ከሥዕሉ ፊት ይልቅ ጀርባው የበለጠ የሚያስተምርበት ጊዜም አለ። «ለማይረሳ ትዝታ»፥ «ማስታወሻ ይሁንህ» ከሚለው የተለመደ ቃል ቀጥሎ የሰጪው ስም፥ የተቀባዩ ስም፥ ቀኑና ከተማው ይጻፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ዝምድናንና ወዳጅነትን፥ የሰው ከአገር አገር መሄድን፥ የጽሕፈት ዕውቀት መስፋፋትን የሚያሳይ ሰነድ ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ሊቃውንት እነዚህን የጀርባ ጽሑፎች እንደ ሰነድ ሰብስቦ ለማጥናት ብዙ አልተጉም። በአልበም ውስጥ በሙጫ የተለጠፈው ፎቶግራፍ ሲነቀል ጽሑፉ አብሮ ይቀደዳል፤ እንደ ተለጠፈ ሲቀርም አይነበብም።

በለቅሶ ላይ ያለውን ቦታም መመልከት ይገባል። በደጋው አገር የታላቅ ሰው ለቅሶ ሲሆን ፈረሱ በኮርቻው ተጭኖ፥ ጋሻውና ጠመንጃው ወጥቶ በለቅሶው ሜዳ ይታይ ነበር። የሟቹን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ይዞ ማልቀስ የመጣው በኋላ ነው። እንደሚመስለኝ ፎቶግራፉ የገባው ቀድሞ ፈረሱና ጋሻው በቆሙበት ስፍራ ነው፤ በዚህም ፈረስና ጋሻ ያልነበረው ድሃ፥ ሴትም ሕፃንም፥ በለቅሶው ሜዳ የሚወክለው ነገር አገኘ። አንዳንድ ቤተሰብ ከዚህም አልፎ ሥዕሉን በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ያስቀርጻል ወይም ያስለጥፋል። ሚካኤል ጸጋዬ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ እነዚህ የመቃብር ሥዕሎች በፀሐይና በዝናብ እየደበዘዙ፥ ዓይኑ ብቻ ወይም ባርኔጣው ብቻ ሲቀር እየተከታተለ አንሥቷቸዋል። ሚካኤል በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ሥዕል ነበር፤ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ ዞረ። የእርሱ ሥራ ለማንም ትእዛዝ የተሠራ አይደለም፤ የሟች ቤተሰብ አልከፈለበትም፥ መሥሪያ ቤትም አልጠየቀውም።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በአገራችን ለትእዛዝ የሚነሣ ፎቶግራፍ ቤት አለው፤ ያለ ትእዛዝ የሚነሣው ግን ማደሪያ የለውም። የፎቶ ቤቱ ኔጋቲቭም ቢሆን ማደሪያ የነበረው ደንበኛው ተመልሶ ሌላ ቅጂ ያሠራ ይሆናል በሚል ተስፋ ብቻ ነው። ኔጋቲቩ በትንንሽ ፖስታ ተደርጎ፥ ቁጥርና ስም ተጽፎበት በሣጥን ይቀመጣል። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ያ ተስፋ ቀረ፤ ባለቤቱ ሲያርፍ ወይም ቤቱ ለሌላ ንግድ ሲከራይ ሣጥኑ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ሆነ። በብዙ ከተማ ኔጋቲቩ የሚጣለው በክፋት አይደለም፤ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ለትውልድ ማኅደር ያለ ዋጋ እንዲጠብቅ ማንም አልጠየቀውምና ነው። ከኔጋቲቩ ጋር የፖስታው ላይ ስም ይጠፋል፤ ዲዳነቱም ከዚያ ይጀምራል።

በአዲስ አበባ ይህን የተገነዘቡ አልጠፉም። በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ካለው ቤተ መዘክር ጋር የፎቶግራፍ ስብስብ አለው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የአብያተ ክርስቲያናትን ሥዕሎች በየአገሩ እየዞሩ ማንሣታቸው የታወቀ ነው። ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካና ማይክል ጀርቨርስ በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያደራጁት «መዝገበ ሥዕላት» ደግሞ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ፎቶግራፎችን በኮምፒዩተር አማካይነት ለተመራማሪ አቅርቧል። በ2018 የታተመው፥ ከአዲስ አበባ ቤተሰቦች አልበም የተሰበሰበው የቆዩ ፎቶግራፎች መጽሐፍም የከተማውን ሰው መልክ ከነታሪኩ አወጣ። እነዚህ ሁሉ የተነሣውን የሚሰበስቡ ናቸው። የሚያነሣውን ሰው የሚረዳ ግን ሌላ ዓይነት ተቋም ይፈልጋል።

በዚህ ረገድ ቀዳሚ ሆና የምትጠቀሰው አይዳ ሙሉነህ ናት። በ1974 በአዲስ አበባ ተወልዳ፥ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፥ በ2007 ወደ አገሯ ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት በባማኮው የአፍሪካ ፎቶግራፍ ጉባኤ የአውሮፓ ኅብረትን ሽልማት አገኘች። በ2010 «አዲስ ፎቶ ፌስት» የተባለውን በዓል መሠረተች፤ በዓሉም እስከ 2018 ድረስ በየሁለት ዓመቱ በታኅሣሥ ወራት ገደማ አምስት ጊዜ ተደረገ። ከብዙ አገር የመጡ አንሺዎች ሥራ ተሰቀለ፤ ወጣቶች ሥራቸውን ለሊቃውንት አሳይተው ትችት የሚቀበሉበት ጊዜ ተሰጠ። በ2019 መሥራቿ ኑሮዋን ወደ አቢጃን አዞረች። በዓል ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዓል ያልፋል። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ወጣቱ የሚያጥብበት ጨለማ ክፍል፥ የሚያትምበት መሣሪያ፥ የሚቀመጥበት ወንበር ያስፈልገዋል። አንድ በዓል በአንድ ሰው ብርታት ላይ ሲቆም ያ ሰው ሲደክም ወይም ሲሄድ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄም የእኛ ብቻ አይደለም።

በሌላ አገር ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው መልስ ለትርፍ የማይሠራ ማዕከል ነው። በጆሃንስበርግ ዴቪድ ጎልድብላት በ1989 ያቋቋመው የገበያው የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት በዘር አድልዎ ዘመን ከትምህርት የተገለሉትን ለማስተማር የተነሣ ነበር። ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ምሳሌ ግን በአሜሪካ በኒው ዮርክ ግዛት በሲራክዩዝ ከተማ በ1973 የተመሠረተው «ላይት ወርክ» ነው። ሲራክዩዝ ኒው ዮርክ ከተማ አይደለችም፤ በረዶ የሚበዛባት የአውራጃ ከተማ ናት፤ ከዳንግላ ጋር ማነጻጸር ያስደፈረኝም ይኸው ነው። ማዕከሉ ከ1976 ጀምሮ በየዓመቱ አሥራ ሁለት ያህል አንሺዎችን ይጋብዛል፤ ለእያንዳንዱ የአንድ ወር ማረፊያ ቤት፥ የሥራ ክፍል ቁልፍና ለመተዳደሪያ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል። በዚያ ወር ምን እንዲሠራ አያዝዘውም። እንግዳው ሲሄድ ከሥራው ጥቂት ቅጂ ለማዕከሉ ስብስብ ይተዋል፤ ሥራውም በማዕከሉ መጽሔት ይታተማል። በእኔ አስተያየት የነገሩ ቁልፍ ያለው በዚህ በመጨረሻው ሥርዐት ነው። ቆይታው አርቲስቱን ሲረዳ፥ የተተወው ቅጂ ደግሞ ቦታውን ይረዳል። ሃምሳ ዓመት ሲያልፍ ከተማው ማንም ያላዘዘው ማኅደር ባለቤት ሆኖ ይገኛል። ይህ ደንብ በ1920ዎቹ በዳንግላ ቆንስላ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ይህ አሠራር ለእኛ ባዕድ ነው የሚሉ አሉ፤ አልቀበለውም። በጎጃም ምድር ለቅኔ የተነሣ ተማሪ ቤቱን ትቶ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል፤ ጎጆ ይቀልሳል፤ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይቆጥራል። የሚበላውን ቁራሽ የሚሰጠው የመንደሩ ሰው ነው። ሰጪው ቅኔውን አይሰማውም፥ ቢሰማውም ግእዙን አያውቀው ይሆናል፤ ቢሆንም ይሰጣል። ከዚህ የበለጠ ለትርፍ የማይሠራ ተቋም ምን አለ? ልዩነት የለም ማለቴ ግን አይደለም። የቅኔ ተማሪ የሚረዳው ስለ እግዚአብሔር ስም ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺ እንዲህ ያለ ስም የለውም። ደግሞም ቅኔ የሚጠይቀው ጆሮና ልብ ሲሆን ፎቶግራፍ ዕቃ፥ ኤሌክትሪክና የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ቁራሹን የሚተካ ገቢ መፈለግ ግድ ነው። የ2011 ዓ. ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እንዲህ ያለው ድርጅት ለዓላማው ማስፈጸሚያ የሚሆን ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ማዕከሉ ጉርድ ፎቶግራፍ እያነሣ ኪራዩን ቢከፍል የሚያሳፍር አይመስለኝም።

ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ማኅደር በአዲስ አበባ ቢሆን ይበቃል፥ አውራጃው ጠብቆ አያቆየውም ይላሉ። ስለ ወረቀቱ ጥበቃ እውነት አላቸው። የዳንግላ ክረምት ዝናቡ ብዙ ነው፤ ርጥበት በፎቶግራፍ ገጽ ላይ ያለውን ጀላቲን ያሳብጠዋል፥ ሻጋታም ያበቅልበታል፤ ደረቅ ክፍል ማሰናዳት ከካሜራ መግዛት ይቀድማል። ከ2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም ለእንዲህ ያለ ሥራ ምቹ ጊዜ አልሰጠም፤ አንዱ ቅጂ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ የሚለውን ምክር ያጸናዋል። ስለ ስሙ ግን ተሳስተዋል። በአዲስ አበባ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የዳንግላ ፎቶግራፍ «የጎጃም ባላገር» ይባላል፤ በዳንግላ ገበያ ቢታይ ግን የልጅ ልጁ ሊያውቀው ይችላል። በውጭ አገር ስማር በአንድ ትልቅ ስብስብ ዝርዝር ውስጥ አንዲት የአገራችን ሴት «ዓይነተኛ መልክ» ተብላ ብቻ ተመዝግባ አግኝቻለሁ፤ ያነሣት ሰው ስም፥ የካሜራው ዓይነት፥ ቀኑ ሳይቀር ተጽፏል።

በአገው ምድር ሥራው በምን ሊጀመር እንደሚችል ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1932 ዓ. ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በጊዮርጊስ በዓል፥ በእንጅባራ ፈረሶቹን አስጊጦ ይወጣል። ማኅበሩ ነገሩን ከዐድዋ ዘማቾች ፈረሶች መታሰቢያ ጋር ያያይዘዋል። ዘመኑ የጠላት ወረራ ዘመን መሆኑን ላሰበ ሰው ይህ ራሱን የቻለ የምርምር ርእስ ነው። ዛሬ በዚያ ሜዳ ካሜራና ስልክ የማይዝ የለም፤ የሚነሣው ሥዕል ብዙ ነው፥ የፈረሱ ሽልማት ውበት ይወጣል፥ አቧራው ይወጣል። ማኅበሩ ግን የአባላቱን ስምና ጎሣ፥ ፈረሱም ያለውን ስም ያውቃል። አንድ አንሺ በማዕከሉ እንግድነት ከጥር በፊት መጥቶ፥ ከፈረሰኞቹ ጋር ሰንብቶ፥ ያነሣውን በዳንግላ አትሞ ግድግዳ ላይ ቢሰቅል፥ ሕዝቡም ገብቶ እያየ በአማርኛም በአውኚም ስሙን እየጠራ፥ ጸሐፊው በእርሳስ ከሥሩ ቢጽፍ ሥራው ተጀምሯል። ለዚህ ጽሑፍ ሰፊ ኅዳግ ይተውለት፤ ቀለምም ይቅር፥ እርሳስ ወረቀቱን አይበላውምና።